የወጌሻው ዳክዬ

(እትዬ ዘይነባ ሸዋ ሮቢት በቤታቸው ደጅ፣ ከኒሙ ጥላ ስር፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ማሾ እየለቀሙ የተጫወቱት። እንደ አነጋገራቸው ተጻፈ።)

በእኛ ጊዜ ዳክዬ የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር፣ እኛ የምናውቀው ዶሮ ነው፣ ፍየል ነው፣ ግመል ነው፤ ዳክዬን በቅርብ ያየኋት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ ምነው ባላየኋት ያልኩበትም ቀን አለ፣ እሱን ነው የማጫውታችሁ። አንቺ ግን እጅሽ አይቁም፣ ወሬ ስትሰሚ ድንጋዩን ማሾው ውስጥ ትተዪብኛለሽ፣ ጥርስ የለኝም ብዬሻለሁ!

እና ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ። ማዶ ጥላው ውስጥ የተቀመጠው ባሌ ይማም ነው፣ ጆሮው ከብዷል፣ ግን ስሙ የተነሳ እንደሆነ ይሰማል፣ ሌላውን ነው የማይሰማው።

በእኛ ጊዜ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚመጣው ወደ ወጌሻ ነው፣ ወጌሻው ደግሞ ያ የምታዩት ሽማግሌ ነው። ከካራቆሬ ይመጣል፣ ከማጀቴ ይመጣል፣ ከግመል የወደቀው፣ ከማንጎ ዛፍ የወደቀው፣ በሬ የረገጠው፣ በቃሬዛ ተሸክመው እዚህ ደጅ ያወርዱታል። እሱ ታዲያ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዳብሰው፣ ወላሂ ዓይኑን ገልጦ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፣ በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ ያደርግና «እዚህ ጋ ናት፣ አገኘኋት» ይላል፣ ከዚያ ቋ! ሰውየው «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ይጮሃል፣ አለቀ። የማሽላ አገዳ ሰንጥቆ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስርለታል፣ «በል ሂድ፣ ለበሬው ሰላም በልልኝ» ይለዋል። እንዲህ ነበር፣ ሰው እያለቀሰ መጥቶ እየሳቀ ነው የሚሄደው።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበረው፣ ከአባቱ የወረሰው። የተሰበረውን ይጠግናል፣ ወለም ያለውን ይመልሳል፣ ሲወለድ የዞረውን ግን አይነካም። አባቱ ናቸው «አላህ እንዲህ ብሎ የሠራውን የነካህ እንደሆነ በረካው ከእጅህ ይነሳል» ያሉት። እና እናቶች አራስ ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ፣ እግሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ እጁ የተቆለፈ፤ እሱ ገና ከሩቅ ሲያይ ያውቀዋል፣ «እህቴ፣ ይኼ ስብራት አይደለም፣ አፈጣጠር ነው፣ አላህ ያሳድግልሽ» ይላታል፣ ውሃ አጠጥቶ ይሸኛታል። አንዲት የማጀቴ ሴት ትዝ ትለኛለች፣ እግሩ ስር ወድቃ «ብቻ ይዳስሱልኝ፣ ባይድንም ግድ የለም፣ ይዳስሱልኝ» ስትል። አልዳሰሰላትም። ያን ጊዜ እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር፣ ውሃውን ያቀረብኩላት እኔ ነኝ።

ታዲያ የእኔዋ ሐዋ ተወለደች።

አዋላጇ ልጅቷን አንስታ ስታይ ፊቷ ተለወጠ፣ «ምነው፣ ሞተች?» አልኩ፣ «ኧረ ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ እግሯ ብቻ» አለች። ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ መርገጫው ወደ ላይ ያያል። ትንሽ፣ ቀይ፣ ለስላሳ እግር። በዚያን ጊዜ ባልን አንቱ ነው የምንል፣ እና ከአራስ አልጋዬ ሆኜ «ይማም፣ የስንቱን እግር አቀኑ፣ የራስዎን ልጅ ይንኩልኝ» አልኩት። እሱ በሩን ይዞ ቆሟል፣ አይገባም፣ አይወጣም።

«ዘይነባ፣ ያቺን የማጀቴዋን ሴት ነገ በምን ፊቴ አያታለሁ?» አለኝ። «የእሷን መልሼ የራሴን ብነካ ሰው ምን ይለኛል? በረካውስ ቢነሳኝ? ነገ ከግመል የወደቀው ሰው ወዴት ይሂድ?»

እውነቱን ነው እኮ! አሁንም እውነቱን ነው እላለሁ። ግን እኔ እናት ነኝ፣ እውነቱ ምን ያደርግልኛል? አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ዘመድ ላኩበት፣ እንቢ አለ። እና ከዚያን ቀን ወዲህ አንቱ ማለቱን ተውኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ተጣልቼም አይደለም፣ እንዲያው አፌ እንቢ አለኝ፣ «አንተ» አልኩት፣ እሱም ገባው፣ «ለምን?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ሐዋ በእግሯ ጎን እየረገጠች አደገች። ይማም ደግሞ ይወዳታል፣ ኧረ ይወዳታል፣ በትከሻው ተሸክሞ ነው ገበያ የሚወስዳት፣ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እግሯን አያይም። ፊቷን ያያል፣ እጇን ይይዛል፣ እግሯን ግን አያይም፣ አይነካም። ጫማ ሲገዛላት እንኳን እኔ ነኝ በገመድ የምለካለት። እሾህ ቢወጋት «እናትሽ ጋ ሂጂ» ነው የሚላት። የሰው ሁሉ እግር በእጁ ሲያልፍ የእሷ ብቻ ቀረ። እሷም ገባት፣ ልጅ ነገር ይገባዋል፣ እሱ ሲመጣ ያንን እግሯን ቀሚሷ ስር ትሰበስበዋለች። አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ ካራቆሬ ነው የምትሠራው፣ መኪናውን በደህናው እግሯ ብቻ ነው የምትረግጠው፣ የእሷ ስፌት እንኳን ሲለበስ ሲታይ ያምራል። አንድ ቀን ክፉ ተናግራው አታውቅም። ብትናገረው ይሻለው ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

እንግዲህ ዕድሜ መጣ። ካቻምና ጀመረው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ብርጭቆው ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ ማንኪያው፣ ከዚያ ሰው ሲዳስስ ጣቱ ቦታውን ይስታል። ሰውም አየ፣ መምጣቱን ተወ፣ አሁን ደግሞ ሐኪም ቤቱም አለ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆ ያቆየው በረካ ሳይነካ ሳይሰርቅ እንዲሁ ሄደ! ይኼው እንደምታዩት ደጅ ይቀመጣል፣ እጁን እጁ ላይ ጭኖ፣ አንዱ ሌላውን እንዲይዘው።

ሐዋ ይኼን ሰምታ ነው መሰለኝ ደወለች፣ «እማ፣ ዕንቁላል ልኬልሻለሁ፣ የዳክዬ ነው፣ ለአባዬ አስፈልፍይለት፣ ይጫወትበታል» አለችኝ። በሚኒባስ ነው የመጣው፣ ቅርጫት ውስጥ በጭድ ተሸፍኖ፣ መንገዱን ታውቁት የለ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያነጥር። «ይማም፣ በእርጅናህ የዳክዬ እረኛ ልትሆን ነው» አልኩት፣ ፈገግ አለ፣ ስንት ጊዜው ነው ፈገግ ካለ።

የእኔ ዶሮዎች አላቀፉም ነበር፣ ያቀፈች ዶሮ ከጎረቤቴ ከአስካለ ነው በውሰት ያመጣሁ። አስካለን ታውቋታላችሁ፣ ይቺ በአጥሩ በኩል ያለችው፣ ሰንበት የምታከብር እሷ፣ አርብ የምጠብቅ እኔ፣ ዶሮዋ የእሷ፣ ዕንቁላሉ የካራቆሬ! (ሳቁ።) ታዲያ የዶሮ ዕንቁላል የሚፈለፈልበት ቀን ደረሰና አለፈ፣ አስካለ መጥታ «ኧረ ገምቷል፣ ጣይው፣ ዶሮዬን ልታከሺብኝ ነው» አለች፣ ይማም «ተይ፣ ዳክዬ ቆይቶ ነው የሚመጣ፣ ሐዋ ነግራኛለች» አለ። እውነትም ቆይቶ ፈለፈለ።

ደህኖቹ ወጡና ያንኑ ቀን ውሃ ፍለጋ ሮጡ፣ ሳፋ ውስጥ ሲገቡ ብታዩ፣ ያቺ ምስኪን ዶሮ «ልጆቼ ሰጠሙ!» የምትል ነው የሚመስለው፣ ዳር ለዳር እየሮጠች ትጮሃለች። ሦስቱ ግን ጭዱ ላይ ቀሩ። አንዱ እግሮቹ ወዲያና ወዲህ ተዘርግተው መሬት ላይ ተለጥፏል። አንዱ አንገቱ ወደ ኋላ ዞሮ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያይ። ሦስተኛዋ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ መርገጫው ወደ ላይ ያያል።

ወላሂ ሳያት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አስካለም አይታኛለች። ቶሎ ብላ «ይኼማ አይሆንም፣ ስጪኝ ልውሰደው፣ ለድመት» አለች፣ ለእኔ ብላ ነው፣ ይማም ሳያይ ልታነሳልኝ ነው። እሱ ግን «አምጪው» አለ። «ምን ያደርግልሃል?» «አምጪው አልኩ።» መዳፉ ላይ አኖርኳት። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ትንቀጠቀጣለች። ዓይኑን ጨፈነ። ዳሰሳት።

«ተው ይማም» አልኩት። «አፈጣጠር ነው። አንተ አይደለህ እንዴ የምትለው?»

«በረካው እንደሆነ ሄዷል» አለኝ። «አሁን ምን የሚነሳብኝ አለ?»

ታዲያ እጁ ስለማይታዘዝለት እኔ እጅ ሆንኩት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል፣ እኔ አስራለሁ። እግሩ ከተዘረጋው ጀመርን። አገዳው ይበዛበታል ብለን የክብሪት እንጨት አመጣን፣ «አጥብቂው» ይለኛል፣ «ጠብቋል» እለዋለሁ፣ «አይ፣ እንደ ሰው ነው የሚታሰረው፣ አጥብቂ!» አጠበቅሁት። በማግሥቱ እግሩ አብጦ ጠቁሮ አገኘነው፣ ብንፈታውም አልተረፈም። ይማም ያቺን የክብሪት እንጨት በጣቱ እያገላበጠ «ስብራት መስሎኝ እኮ ነው» አለ። «እኔ የማውቀው ስብራት ነው። ይኼ አልተሰበረም፣ ምን ብዬ እንደ ስብራት አሰርኩት?»

አንገቱ የዞረውን ደግሞ ውሃ በጣቱ ነበር የሚያጠጣው፣ ጣቱን ነክሮ መንቆሩ ላይ ይይዘዋል፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ውሃው ራሱ ይንጠባጠባል፣ «ለዚህ እንኳን ጠቀመኝ» ይላል። የማሾ ዱቄት በጥብጬ እሰጠዋለሁ፣ ይውጣል፣ እኛም ተስፋ አደረግን። ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ ያ የቀኑ ሙቀት፣ እዚያው መዳፉ ላይ ሞተ። እኔ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ «አስተኛው» አልኩት፣ እሱ ግን ያውቃል፣ ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ። ከፓፓያው ስር ቀበረው። ሰው ቢያይ ይስቅብናል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ለጫጩት ጉድጓድ ሲቆፍሩ። እኛ ግን አልሳቅንም።

እና ያቺ ቀረች። እግሯ የዞረው።

አሁን ክብሪቱን ተወው። «ለስለስ ያለ ጨርቅ አምጪ» አለኝ፣ ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ ሰጠሁት። «ዛሬ ትንሽ ብቻ አዙሪና ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ነገ ፈትተሽ ደግሞ ትንሽ ታዞሪያለሽ። በኃይል አይደለም፣ እሺ እያለሽ፣ እያባበልሽ ነው። አጥንቷ ገና ቅቤ ነው።»

ምን እንዳለ ሁለታችንም ሰማነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሰላቴ የተበላሸው። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት እቆማለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ ታውቃላችሁ? «ያ ረቢ፣ የዚች ፍጥረት እግር አይቃና!» አትዩኝ እንዲህ! እኔስ ጨካኝ ሆኜ ነው? የዳክዬዋ እግር ከተቃና እኮ ይማም ምን እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ካልተቃና ግን አባቱ ልክ ነበሩ፣ እሱም ልክ ነበር፣ አላህ የሠራው አይቀናም ነበር፣ ሽማግሌዬ በሰላም ይሞትልኛል። ለእሱ ብዬ ነው አንዲት ፍጥረት አንካሳ ሆና እንድትቀር የለመንኩት። አንድ ቀንማ ጨርቁን ሳስር፣ ትንሽ ባላላው፣ ትንሽ ወደ ነበረበት ብመልሰው፣ አይታወቅም ብዬ አሰብኩ፣ እሱ እንደሆን ዓይኑን ጨፍኗል። ጨርቁን ይዤ ቆየሁ። ዳክዬዋ ቀና ብላ ታየኛለች። አልቻልኩም። እንዳለኝ አድርጌ አሰርኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት «ፍቺው» አለኝ። ፈታሁት። መሬት ላይ አኖርኳት። ወደቀች። ተነሳች። ደግሞ ወደቀች። እኔ በልቤ «ተመስገን» ልል ነው፣ አስታግፊሩላህ፣ ከዚያ ተነሳችና ቀጥ ብላ፣ መርገጫዋ መሬቱን እየነካ፣ ወደ ሳፋው ሄደች። ገባች። ዋኘች! አስካለ በአጥሩ ላይ ሆና እያየች ነበር፣ «እልልልል!» አለች፣ እልልታው ግን መሃል ላይ ቆመባት፣ ይማምን አይታው ነው።

ያለቅስ ነበር። እናቱ ሲሞቱ ያላለቀሰ ሰው። ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ ጺሙ ላይ ይወርዳል። «ዘይነባ» አለኝ፣ «የሐዋም ያን ጊዜ ቅቤ ነበር እኮ።»

«አላወቅህም» አልኩት።

«ዳስሼ ቢያቅተኝ አላወቅሁም እል ነበር። አልዳሰስኩም እኮ።»

ከዚያ በኋላ ይቺን ዳክዬ ሐዋ እንዳታያት አለ። «ለአረፋ ስትመጣ ደብቂያት፣ አስካለ ጋ ትሁን፣ ካልሆነም ለሰው ስጪያት።» እሺ አልኩ። ግን ዳክዬ ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? እሷ እንደሆን እናቷ ይማም ነው የሚመስላት፣ እሱ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን ተከትላው በር ላይ ትጠብቃለች። አረፋ ደረሰ፣ ሐዋ መጣች፣ አዲስ ጀለቢያ ሰፍታለት አመጣች፣ እሱ ለብሶ እዚያ ተቀምጧል፣ እሷ መሬት ምንጣፉ ላይ፣ እግሯን እንደ ልማዷ ቀሚሷ ስር ሰብስባ። ታዲያ ይቺ ጉድ የአስካለን አጥር ሾልካ «ቃ ቃ ቃ» እያለች መጥታ እግሩ ስር ቁጭ!

ሐዋ ሳቀች፣ «ይቺ ናት እንዴ? አስካለ በስልክ ነግራኛለች፣ እግሯ ዞሮ ነበር፣ አባዬ አቀናላት አለችኝ» አለች። አያችሁልኝ አስካለን? ምላሷ አያርፍ! ሐዋ ዳክዬዋን አነሳችና ግልብጥ አድርጋ ግራ እግሯን አየች። በአውራ ጣቷ መርገጫዋን ዳሰሰች። መሳቁን ተወች። ይማም መሬት መሬት ያያል። እኔ እዚያ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ ልጄ አሁን ምን ትለው ይሆን፣ አርባ ዓመት ያልተናገረችው ዛሬ ሊወጣ ነው ብዬ።

ዳክዬዋን ቀስ ብላ አወረደቻት። ከዚያ ያንን እግሯን ከቀሚሷ ስር አወጣችው። አወጣችና አንስታ ጭኑ ላይ አኖረችለት፣ አዲሱ ጀለቢያው ላይ። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነው ያየሁት።

እሱ ደነገጠ፣ እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደ፣ ያዘው። ዓይኑን ጨፈነ። ይዳስሳል፣ ይዳስሳል፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ዕድሜዋን ሙሉ የረገጠችበትን ያንን የደረቀ ጎኑን። «ሐዋዬ» አለ፣ «ደርቋል እኮ። አሁንማ ደርቋል።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለችው። «እንዲያው ያዘው።»

(ማሾውን በእጃቸው አገላበጡ።)

ያን ቀን ውሃ አቀረብኩለትና «ይጠጡ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። በማግሥቱ አፌ ተመልሶ አንተ አልኩት፣ ልማድ ነው፣ አንድ ቀን ግን ብዬዋለሁ። አሁን ታዲያ ሐዋ በመጣች ቁጥር እግሯን ጭኑ ላይ ታኖርለታለች፣ እሱም ይይዘዋል፣ ወሬ ያወራሉ፣ የካራቆሬን ወሬ፣ የስፌቱን ወሬ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሯም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አራስ ልጅ ታቅፋ የምትመጣ እናት እንደሆነች ደግሞ ዛሬም አልፎ አልፎ አትጠፋም፣ አሁን ከሩቅ ሲያያት ተነስቶ ይጮህባታል፣ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት! ዛሬውኑ! ነገ አትበይ!» ይላታል፣ ሴቶቹ ይደነግጣሉ፣ አብዷል ይላሉ። ይበሉ።

«ታዲያ እትዬ ዘይነባ» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ «ያ ዱዓዎት አልደረሰም ማለት ነው?»

እትዬ ዘይነባ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጫፉ የተቀደደ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ።

«አልተቀበለኝም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልተቀበለኝም።»